ስለ ቤት ውስጥ አሰናዳድና ስለሚበረክት ዕቃ፤ ለወላይታ ሶዶ ነጋዴዎች

ሰው ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማረፊያ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ቤት ግን በግድግዳና በጣራ ብቻ ቤት አይባልም፤ የሚቀመጡበት፣ የሚተኙበትና እንግዳ የሚቀበሉበት ዕቃ ሲሰናዳበት ነው እንጂ። በወላይታ ሶዶ ከተማ ይህን ዕቃ የሚመርጠው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው «ባለቤቱ ነዋ» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ ሲመረመር ግን እንዲህ አይደለም። ባለቤቱ የሚመርጠው በሱቅ ከቀረበለት መካከል ነው፤ በሱቅ ውስጥ ምን እንደሚቀርብ የሚወስነው ደግሞ ነጋዴው ነው። ስለዚህ የከተማው ቤቶች ውስጣቸው ምን እንደሚመስል የሚቈርጠው ከገዢው ይልቅ አስመጪውና ባለሱቁ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህ ሥልጣን በሶዶ ከዕለት ወደ ዕለት እየከበደ ሄዷል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ መምህራንና ሠራተኞች ከየአገሩ መጥተው ቤት ተከራይተዋል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የክልሉ ርእሰ ከተማ ሆና ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከነሠራተኞቻቸው ገብተውባታል። እነዚህ ሁሉ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ወንበርና መጋረጃ ይሻሉ። ብዙዎቹም ተከራዮች ናቸው፤ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት ይለቅቃሉ፤ ዕቃቸውንም በጋሪ ወይም በአነስተኛ የጭነት መኪና አስጭነው ወደ ሌላ ቤት ይዛወራሉ። ይህ አኗኗር ስለ ዕቃ ምርጫ ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው።

በአሁኑ ጊዜ ገበያውን ያጥለቀለቀው ኤምዲኤፍና ቺፕውድ የሚባለው ዕንጨት መሳይ ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ የዕንጨት ብናኝና ፍቅፋቂ ከሙጫ ጋር ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ፊቱ በሚያብረቀርቅ ሽፋን ስለሚሸፈን በሱቅ መስታወት በኩል ሲታይ ልብ ይማርካል። ዋጋውም ከደረቅ ጣውላ ያነሰ ነው። ጠባዩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ጠርዙ በትክክል ካልታሸገ እርጥበት ይመጣል፤ ሲመጥም ያብጣል፤ አንድ ጊዜ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው መልኩ አይመለስም። ቪሱ ተነቅሎ በዚያው ቀዳዳ ሁለተኛ ሲጠበቅ መያዝ ይሳነዋል። በዳሞታ ተራራ ሥር ያለችው ሶዶ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ደጋማ ከተማ ናት። የብዙው ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ሊሾ ሆኖ በየማለዳው በውኃ ይጠረጋል። በእንዲህ ያለ ቤት የቺፕውድ ቁም ሣጥን እግሩ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ማበጡ የማይቀር ነው። ከዚህ ላይ ተከራዩ ቤት ሲለውጥ ተፈታትቶ እንደገና ይገጠማል። በመጀመሪያው መዛወር በሩ ይጣመማል፤ በሁለተኛው መሳቢያው አልዘጋ ይላል፤ በሦስተኛው ጊዜ ለማገዶ እንኳ የማይመች ነገር ሆኖ በአጥር ጥግ ይጣላል።

ይህን ማለት ኤምዲኤፍን ፈጽሞ አታምጡ ማለት አይደለም። በደረቅ ክፍል ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ለሚኖር መደርደሪያ መልካም ነው። ስሕተቱ ለሁሉም ቦታ አንዱን ማቅረብ፣ ለገዢውም ጠባዩን ሳይነግሩ መሸጥ ነው። ከሥሩ የዕንጨት ወይም የብረት እግር አስገብቶ ከወለሉ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ብቻ ዕድሜውን ምን ያህል እንደሚያረዝመው የሚያውቅ ባለሱቅ ለደንበኛው ትልቅ ውለታ ይውላል። ወጪውም ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሶፋ ነው። በዚህ ረገድ የሚሠራው ስሕተት ከሁሉ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሶፋ በአንድ ቤተሰብ ሀብት ውስጥ ከአልጋና ከቴሌቪዥን ጋር ትልቁን ገንዘብ የሚወስድ ዕቃ ነው። ገዢው የሚያየው ጨርቁን፣ የክንዱን ጥምዝና በጀርባው ላይ የተደረደረውን ቍልፍ ነው። የሶፋው ዕድሜ ያለው ግን ከማይታየው ክፍል፣ ማለት ከአጽሙና ከስፖንጁ ውስጥ ነው። የስፖንጅ ጥራት በውፍረቱ አይለካም፤ በክብደቱ ነው የሚለካው። አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ግራም ይመዝናል ተብሎ ይጠየቃል። ለመቀመጫ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል፤ ከ20 በታች የሆነው ግን ብዙ ሳይቈይ ይረግባል፤ የተቀመጠው ሰውም ጣውላው ላይ ያርፋል። ይህን ቍጥር ጠይቆ የሚገዛ ደንበኛ ጥቂት ነው። ሳይጠየቅ የሚናገር ባለሱቅ ግን ከዚያም ያነሰ መሆኑ ያሳዝናል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ በ60,000 ብር ሶፋ ገዝቶ በአራት ዓመት ቢጥለው፣ ዕቃው በዓመት 15,000 ብር አስከፍሎታል ማለት ነው። ሌላው ቤተሰብ በደረቅ ጣውላ የተሠራና ጥሩ ስፖንጅ ያለው ሶፋ በ90,000 ብር ቢገዛ፣ በመካከሉም አንድ ጊዜ በ25,000 ብር ስፖንጁንና ጨርቁን አስለውጦ 20 ዓመት ቢገለገልበት፣ በዓመት የሚደርስበት ወጪ 5,750 ብር ብቻ ነው። ርካሹ የትኛው እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያሻም። ችግሩ 90,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ለደመወዝተኛ ከባድ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ የነጋዴው ብልኀት ይፈለጋል። አጽሙ ጠንካራ የሆነውን በቀላል ጨርቅ ሸፍኖ በአነስተኛ ዋጋ መሸጥና ጨርቁን ከጥቂት ዓመት በኋላ በተሻለ መለወጥ ይቻላል። ሦስት ሰው የሚያስቀምጠውን አስቀድሞ ሸጦ ነጠላዎቹን ወንበሮች ገዢው ገንዘብ ሲያገኝ እንዲጨምር ማድረግም ይቻላል፤ ለዚህ ግን ያው ዓይነት ዕቃ በሚቀጥለው ዓመትም በሱቁ መገኘት አለበት። በየስድስት ወሩ ሞዴል የሚለውጥ ሱቅ ይህን ማድረግ አይችልም።

በዚህ ጊዜ አንድ ባለሱቅ የሚያነሣው ክርክር አለ። «ዕቃ ሃያ ዓመት የሚቈይ ከሆነ፣ እኔ ከምን እኖራለሁ? ፋሽን ሲለወጥ ነው ገበያው የሚንቀሳቀሰው» ይላል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ሐሳቡ ግን በትልቅ ከተማ ለሚኖር ነጋዴ እንጂ ለሶዶ ነጋዴ አይስማማም። በትልቅ ከተማ ሻጭና ገዢ አይተዋወቁም። በሶዶ ግን ዕቃው የረገበበት ሰው ሻጩን በእድር ያገኘዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኘዋል፤ በለቅሶ ላይ አጠገቡ ይቀመጣል። ባይወቅሰው እንኳ ለጎረቤቱ ከመናገር አይመለስም። ደግሞም የሚቈይ ዕቃ ንግድ የማያስገኝ መስሎ የሚታየው ዕቃውን ብቻ ለሚቈጥር ነው። ስፖንጅ፣ የሶፋ ጨርቅ፣ ማጠፊያ፣ የመሳቢያ ሐዲድ፣ ኮላና ቫርኒሽ በየዓመቱ የሚፈለጉት የሚጠገን ዕቃ ሲኖር ነው። የማይጠገን ዕቃ መለዋወጫ አይሻም።

የውጭ ምንዛሪም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዐቱ ወደ ገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዕቃውን ከጅቡቲ እስከ ሶዶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አስጭኖ የሚያመጣ ነጋዴ የጭነቱ ዋጋም ተደርቦበታል። በዚህ ኪሳራ ላይ ዕቃው በአራት ዓመት የሚጣል ከሆነ፣ አገሪቱ ያወጣችው ዶላር በሶዶ አጥር ጥግ ወድቆ ቀረ ማለት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ሁሉ አላፊ ነው ብሎ ማሰብ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ሚካኤል ቶኔት የተባለው የዕንጨት ሠራተኛ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1859 በቪየና ያወጣው ወንበር እስከ ዛሬ ይሠራል። ይህ ወንበር በእንፋሎት ተለስልሶ የታጠፈ የዕንጨት ዘንግ ነው፤ ስድስት ክፍልና ዐሥር ቪስ ብቻ አሉት። ለአስመጪና ለላኪ የሚጠቅመው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር። በዚህም ምክንያት ባሕር ተሻግሮ በየአገሩ ቡና ቤት ገብቷል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚመጣን የሶፋ ጭነት የተመለከተ ሰው፣ ከመኪናው ስፋት የሚበዛው አየር መሆኑን ያስተውላል። ነጋዴው ለዚያ አየር ኪራይ ይከፍላል። ጨርቁ ተጠቅልሎ፣ አጽሙ ተፈታትቶ ቢመጣና በሶዶ ባሉ ዕንጨት ሠሪዎች ቢገጠም፣ ኪራዩም ይቀንሳል፤ የከተማው ልጆችም ሥራ ያገኛሉ።

ከሀገራችን ምሳሌ የሚፈልግ ደግሞ በአዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ አዳራሽ ይመልከት። አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው የሕንፃ ነዳፊ ሠርቶት በ1953 ዓ.ም. ተመርቋል። ከስድሳ ዓመት በኋላ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት፣ የቀድሞዎቹ የቤት ዕቃዎች ተጠግነው እንዲያገለግሉ ተደርጓል እንጂ በወቅቱ ፋሽን አልተተኩም። ይህ የሚቻለው ዕቃው ሲሠራ መጠገን እንዲችል ሆኖ ስለ ተሠራ ነው። የአንድ አዳራሽ ወንበር ከአንድ መምህር ሳሎን ወንበር ጋር አይተካከልም የሚል ይኖራል፤ ስለ ዋጋው እውነት ነው፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። አንዱ ዕንጨት በሌላው ውስጥ ገብቶ የተያያዘበት ወንበር ይጠገናል፤ በሙጫና በስቴፕል ብቻ የተያያዘ ወንበር አይጠገንም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ወላይታ ቤት እንመለስ ቢባል፣ ብዙ የሚታይ ነገር አለ። የጥንቱ የወላይታ ቤት፣ በአገሩ ቋንቋ ኬታ፣ ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ነው። የምድጃው ጢስ ሣሩንና ማገሩን ከተባይ ይጠብቃል፤ በቤቱ የሚያድሩት ከብቶች በደጋው ብርድ ሙቀት ይሰጣሉ። ይህን ቤት ያለ ልክ ማመስገን አይገባም፤ ያው ጢስ የስንቱን እናት ዓይንና ሳንባ እንደ ጎዳ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሥራ የሌለው ዕቃ አልነበረም። በርጩማው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ቢሰነጠቅም የሚጠግነው ሰው በዚያው መንደር አለ። ዘመናዊ ሳሎን ከዚህ ቤት ሊወርስ የሚገባው መልኩን ሳይሆን ይህን ጠባዩን ነው።

እንግዳ የመቀበል ሥርዐት ደግሞ ከምንም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። በወላይታ ቤት ውስጥ ዕለት ዕለት የሚኖሩት ስድስት ሰዎች ቢሆኑ፣ በለቅሶ ቀን ስድሳ ሰው ይገባል። የጸሎት ኅብረት ሲሆን ሃያ ሰው ይቀመጣል። በጊፋታ ዘመድ ከገጠር ይመጣል። ቡና ሲፈላ ደግሞ ረከቦቱ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ቄጠማ ይጐዘጐዛል፤ የምታፈላዋ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ትሆናለች። ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ የሞላ፣ ለአራት ጐልማሳ እንኳ የሚከብድ ሶፋና በመካከሉ የመስታወት ጠረጴዛ የተቀመጠበት ቤት ግን ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቦታ የለውም። ለቅሶ በደረሰ ጊዜ ሶፋው በበሩ አልወጣ ብሎ ሰዎች ሲታገሉ መታየታቸው የተለመደ ሆኗል። ሕፃናት ከመስታወቱ ጠረጴዛ ጋር ሲጋጩ የሚሆነውም ለማንም ወላጅ ስውር አይደለም። ለእንዲህ ያለው ቤት የሚስማማው ለሁለት ሰው ሸክም የማይከብድ መቀመጫ፣ ተደራርቦ ጥግ የሚቀመጥ በርጩማ፣ ውስጡ ልብስና ብርድ ልብስ የሚይዝ አግዳሚ ወንበር ነው። ይህ ዕቃ በማናቸውም የውጭ መጽሔት ውስጥ አይገኝም። ገበያው ግን ሰፊ ነው፤ እስካሁንም ባለቤት አላገኘም።

ስለ ዕንጨቱም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ለቤት ዕቃ ከሀገር ዕንጨቶች ሁሉ የሚመሰገነው ወንዛ ነው፤ ለመጥረብና ለመላግ ይመቻል፤ ቀለሙም ያምራል። ወንዛ በወላይታ እንሰትና ቡና መካከል ለጥላ ተተክሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ዛሬ እንደ ልብ የሚቈረጥ ዕንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ወንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቈረጡ ከልክሏል፤ ያም የሆነው ዛፎቹ ወደ ማለቅ ስለ ደረሱ ነው። ስለዚህ የዕንጨት ነጋዴ የሚያቀርበው ወንዛ ከገበሬ ማሳ በሕጋዊ ፈቃድ የተገኘ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታው ነው። በዚያው በወላይታ፣ በሁምቦ፣ ተራቍቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከልቅ ግጦሽና ከቈረጣ ተጠብቆ፣ ከጉቶው ያቈጠቈጠው የሀገር ዛፍ እየተገረዘ እንደገና ደን ሆኗል። ነገሩ ለነጋዴ ሩቅ መስሎ ቢታየውም፣ የነገ የዕንጨት ዋጋ የሚወሰነው በእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

እስከዚያው ድረስ የሚቀርበው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለቤት ዕቃ አይሆንም የሚባለው አባባል በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን የችኰላው ነው። ዛሬ ተቈርጦ በሚቀጥለው ወር ወንበር የሚሆን ባሕር ዛፍ መሰንጠቁና መጣመሙ አይቀርም። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልሎ፣ በመካከሉ ነፋስ የሚያሳልፍ ርብራብ ተደርጎበት እስከ አንድ ዓመት ቢቈይ ግን ሌላ ዕንጨት ይሆናል። ዕንጨት ሠሪው ይህን አጥቶት አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ገንዘቡን አስሮ የሚቀመጥበት አቅም ስለሌለው ነው። ይህን አቅም ያለው ነጋዴው ነው። ጣውላ ገዝቶ፣ አድርቆ፣ ቀኑን በላዩ ጽፎ ለዕንጨት ሠሪዎች የሚያከፋፍል መጋዘን በሶዶ ቢከፈት፣ ባለቤቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሶፋ አስመጪው ያላነሰ ትርፍ እንደሚያገኝ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ጨርቅ ሲነሣ ዱንጉዛን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ቀይ፣ ቢጫና ጥቍር መስመር ያለው ይህ የወላይታ ጥበብ ከበዓል ልብስነት አልፎ በትራስ ልብስና በመጋረጃ ላይም መታየት ጀምሯል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ ለልብስ የተሸመነ ዱንጉዛ ለሶፋ መቀመጫ ስስ ነው፤ ወዲያው ይሳሳል። ነጋዴው ከሸማኔው ጋር ተነጋግሮ ወፈር ባለ ድርና ማግ፣ ቀለሙ በውኃና በፀሐይ በማይለቅ ክር ለይቶ ቢያሠራ፣ ለሀገር ውስጥም ለውጭ ገበያም የሚቀርብ ዕቃ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ዱንጉዛ ራሱ ፋሽን ሊሆን ይችላል። መጋረጃው፣ ሶፋው፣ የጠረጴዛው ልብስና ግድግዳው ሁሉ በመስመር የተሸፈነበት ሳሎን ለአንድ በዓል ያምራል፤ በዓመቱ ግን ዓይን ያደክማል። ሁለት ትራስና አንድ የግድግዳ ጌጥ ይበቃል፤ የቀረው ነጭ ወይም የአፈር ቀለም ያለው ጨርቅ ይሁን። በድሮ ጊዜ ያለ አግባብ ሲናቁ የኖሩት ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩት እንስራና ጀበናም ከፕላስቲክ አበባ ይልቅ ለሳሎን ጥግ የተሻለ ጌጥ ነው።

ቀለምና ኮርኒስ ብዙ ቃል አይሹም። ትንሽ መስኮት ላለው የጭቃ ቤት ነጭና ነጣ ያለ ቀለም ብርሃን ይጨምርለታል፤ ደማቁ ቀለም በዓመት ውስጥ ይሰለቻል። በቆርቆሮ ሥር የሚሰቀለው ባለ ደረጃ የጂፕሰም ኮርኒስ ጣራው አንድ ቦታ ካፈሰሰ ይበሰብሳል፤ በውስጡ የተደረደሩት ባለ ቀለም መብራቶችም መብራት በጠፋ ማታ ዋጋ የላቸውም። አስቀድሞ የቆርቆሮውን ምስማር መመርመር ይበልጣል።

የጊፋታ በዓል በመስከረም ሲቃረብ የወላይታ ሕዝብ ለበሬ ዓመቱን ሙሉ በጋራ ሲቈጥብ የኖረውን ገንዘብ ያወጣል፤ ቤቱን ያድሳል፤ ግድግዳውን ይቀባል። የሶዶ የቤት ዕቃ ሱቆች ትልቁን ሽያጭ የሚጠብቁት በዚህ ወቅት ስለሆነ፣ ብዙዎቹ በነሐሴ ተጣድፈው ያገኙትን ይጭናሉ። የክረምቱ ዝናብ ግን በዚያን ጊዜ ገና አላቆመም፤ በሸራ ሥር ተጭኖ የመጣው ቺፕውድ መንገድ ላይ እርጥበት ጠጥቶ ይደርሳል። ለመጪው ጊፋታ የሚሸጥ የዕንጨት ዕቃ ጣውላው በበጋው፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ተገዝቶ ከተደረደረ፣ በሐምሌ ለዕንጨት ሠሪው ቢሰጥ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቫርኒሹ ደርቆ በሱቁ ደጃፍ ይቆማል።